ስለ ጉምጉምታ

ወጣት አንባቢዬ ሆይ፤ ይህን የምጽፍልህ ስለ ኮምፒውተር ላስተምርህ ብዬ አይደለም። በዚህ ነገር አንተ ከእኔ እንደምትበልጥ አውቃለሁ። እኔ በሚስዮን ትምህርት ቤት ተምሬ፥ ሠላሳ አራት ዓመት በጠመኔ ሳስተምር ኖሬ፥ ኮምፒውተርን ከጡረታ በኋላ የለመድሁ ሰው ነኝ። ነገር ግን ከአንድ ደብተር በማትበልጥ የኤሌክትሪክ ሰሌዳ ምክንያት በአንድ ሰው ላይ ያደረስሁት በደል አለና፥ እርሱን ሳልናገር ብቀር ሕሊናዬ አያርፍልኝም።

እናቴ ፊደል ያልቆጠረች ሴት ነበረች፤ በተረት ግን የሚወዳደራት አልነበረም። በ1978 ዓ.ም. ልትጠይቀን ወደ አዲስ አበባ መጥታ ሦስት ወር ከእኛ ዘንድ በተቀመጠች ጊዜ፥ ማታ ማታ ለበኵር ልጄ የምትነግረውን ተረት በቴፕ ቀድቼ በሦስት ባለ 90 ደቂቃ ካሴቶች አስቀመጥሁት። እናቴ አንድ ልማድ ነበራት። ጅቡ ከደጅ ሲደርስ፥ ወይም ሌባው ሊያዝ ሲል፥ ድምጿን ዝቅ አድርጋ በሹክሹክታ ትናገራለች፤ ልጁም ትንፋሹን ይዞ ጆሮውን ወደ አፏ ያስጠጋል። የተረቱ ፍሬ ሁልጊዜ ከዚያች ሹክሹክታ ውስጥ ነበረ። ከሁለት ዓመት በኋላ ዐረፈች፤ ከድምጿም የቀረን በእነዚያ ሦስት ካሴቶች ላይ ያለው ብቻ ነው።

ካሴት እንደ ሰው ያረጃል። ድምፁን የያዘው በፕላስቲክ ክር ላይ የተለበጠ ደቃቅ ዱቄት ነውና፥ ዱቄቱ ሲራገፍ ድምፁም አብሮ ይራገፋል። ስለዚህ ተረቶቹን ወደ ኮምፒውተር ለመገልበጥ አሰብሁ። ከቴፑ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ወደ ኮምፒውተሩ የድምፅ መግቢያ በቀጭን ሽቦ አገናኝቼ ቀዳሁና አዳመጥሁ። የእናቴ ድምፅ መጣ። ነገር ግን ከድምጿ ሥር፥ ቀፎ ውስጥ እንዳለ ንብ እምምም የሚል ወፍራም ጉምጉምታ ነበረ። ድምጿን ከፍ አድርጋ ስትናገር ይሸፈናል፤ ሹክሹክታው ላይ ስትደርስ ግን ጉምጉምታው ይበልጣትና አንድ ቃል አይሰማም።

ምክንያቱን ስጠይቅ፥ የድምፁ ክፍል ከዋናው ሰሌዳ፥ ማለት ከማዘርቦርዱ ጋር አብሮ የተሠራ ስለሆነ፥ በዙሪያው ያሉት ዕቃዎች ሁሉ እንደሚረብሹት ተነገረኝ። መድኃኒቱም ባለሙያዎች ሳውንድ ካርድ የሚሉትን፥ ለድምፅ ብቻ የተሠራውን ሰሌዳ ለብቻው ገዝቶ በኬዙ ውስጥ ማስገባት ነው አሉ። ስለዚህ ዕቃ ያነበብሁት ነገር ደስ አሰኝቶኛል። እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው የአይ.ቢ.ኤም. ኮምፒውተር ጢጥ ከማለት ያለፈ ድምፅ አልነበረውም። በዚያው ዓመት በሲንጋፖር ሲም ዎንግ ሁ የሚባል ሰው ክሪኤቲቭ የተባለውን ድርጅት በትንሽ ሱቅ ጀመረ፤ በ1989ም ሳውንድ ብላስተር የተባለውን ካርድ አወጣና የኮምፒውተርን አፍ ከፈተ። ይህ ሰው በልጅነቱ ሃርሞኒካ የሚጫወት ነበረ፤ በ2023 ዓረፈ። ከሙዚቃ ፍቅር ተነሥቶ የዓለምን ኮምፒውተሮች ማናገር ቀላል ነገር አይደለም።

እኔ የመረጥሁት ግን የሌላ ድርጅት ሥራ የሆነውን፥ ኤሱስ ዞናር ኤሴንስ ኤስ.ቲ.ኤክስ. የሚባለውን ነው። ስሙ ረጅም ነው፤ ዋጋውም እንደ ስሙ ነበረ። የመረጥሁበት ምክንያት ንጽሕናው 124 ዴሲቤል ነው የሚል ጽሑፍ አይቼ ነው። ዴሲቤል ምን እንደሆነ በሚገባ ሳላውቅ በቁጥሩ ትልቅነት ብቻ ረካሁ። አሜሪካ ያለው የእኅቴ ልጅ፥ «አጎቴ፥ ኤስ.ቲ. ነው የሚፈልጉት ወይስ ኤስ.ቲ.ኤክስ.?» ብሎ ቢጠይቀኝ፥ «በአንድ ፊደል ምን ልዩነት አለው?» ብዬ መለስሁለት። በአንድ ፊደል ስንት ተማሪ ነጥብ የቀነስሁ ሰው! እርሱ ግን አስተዋይ ነውና የኮምፒውተሬን ውስጥ ፎቶግራፍ አንሥቼ እንድልክለት አደረገ። ለካ የመጀመሪያው ለአሮጌው የፒ.ሲ.አይ. ማስገቢያ፥ ሁለተኛው ለአዲሱ የፒ.ሲ.አይ. ኤክስፕረስ ማስገቢያ የተሠሩ ናቸው፤ አንዱ በሌላው ቦታ ከቶ አይገባም። ካርዱም በነሐሴ ወር 2017 ዓ.ም. በእጁ መጣልኝ።

ከቤቴ በታች፥ በመንገዱ ዳር፥ ትንሽ ሱቅ ከፍቶ ኮምፒውተር የሚጠግን ጎልማሳ አለ። ሰባተኛ ክፍል እኔ ያስተማርሁት ነው። ጠራሁትና ካቻቢቴውን ይዞ መጣ። አሠራሩን ቁጭ ብዬ አየሁ። መሰኪያውን ነቀለ፤ ከሰውነቱ ላይ ያለ ትንሽ ኤሌክትሪክ ካርዱን እንዳይጎዳ አስቀድሞ የኬዙን ብረት ነካ፤ ከዚያም የጎኑን ክዳን ከፈተ። ካርዱ የሚገባባት አጭር ማስገቢያ ከግራፊክስ ካርዱ ሥር ተሸፍና ተገኘች፤ ያ ወፍራም ዕቃ የሁለት ሰው ቦታ ይዞ የሚቀመጥ ነው። ልጁም አልተቸገረም፤ አጭሩ ካርድ በረጅሙ ማስገቢያም ስለሚሠራ፥ ዝቅ ብሎ ባዶ የነበረውን ረጅሙን መረጠ፤ ይህም ከግራፊክስ ካርዱ ሙቀት እንዲርቅ ረዳው። ኬዜ ርካሽ ስለ ነበረ የካርዱ ብረት ከኋላው ቀዳዳ ጋር አልገጠመም። እኔ፥ «ግፋው፥ ይገባል» አልሁት። እርሱ ግን «ጋሼ፥ ከተገፋ ይሰበራል» ብሎ የኬዙን ብሎኖች አላልቶ ቀስ ብሎ አስተካከለው። ካርዱ ከማስገቢያው የሚያገኘው ኃይል ስለማይበቃው ከፓወር ሰፕላዩ ባለ አራት ቀዳዳ ሽቦ ይፈልጋል፤ ያ ሽቦ ደግሞ አጭር ሆነ። ሱቁ ሄዶ መቀጠያ አምጥቶ አገናኘው። ሁለት ሰዓት ሙሉ ደከመበት።

ማታ ካሴቱን ከፍቼ ቀዳሁ። ጉምጉምታው እንደ ነበረ ነው!

በማግሥቱ ሱቁ ሄጄ ስነግረው፥ «ጋሼ፥ ካርዱ ደኅና ነው፤ ነገሩ ከሌላ ይሆናል፤ ጊዜ ይስጡኝና ልየው» አለኝ። እኔ ግን በልቤ ፈርጄ ጨርሼ ነበር። እንዲህ ያለ ውድ ዕቃ፥ በዚህ ሁሉ ቁጥር የተመሰገነ፥ እንዴት ያጕመጕማል? ሲያስገባው አበላሽቶታል አልሁ። ሲውል ሲያድር ደግሞ አሳቤ ከፋ፤ ሱቁ ሄዶ የተመለሰው ለሽቦ ብቻ ነውን? ከካርዱ ላይ አንዳች ነገር ለውጦብኝ ይሆን? ይህን አሳብ በልቤ ብይዘው ኃጢአቱ የእኔ ብቻ ይሆን ነበር። ነገር ግን በእድራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ፥ ሰዎች ቡና ይዘው ሲጨዋወቱ፥ «ያ ልጅ እጁ አይታመንም» ብዬ ተናገርሁ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ደግሞም እኔ መምህር ነኝ፤ በሰፈሩ ግማሹ ሰው ልጁን አስተምሬለታለሁ፤ ቃሌን የሚጠራጠር አልተገኘም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ፥ በአንድ እሑድ፥ ልጁ ሳልጠራው መጣ። የተናገርሁትን እንደ ሰማ ከዓይኑ አወቅሁ፤ እርሱ ግን አላነሣውም። በእጁ አራት ባትሪና ኤሌክትሪክ የሚፈተንበት ቴስተር ይዟል። ቴስተሩን በኮምፒውተሩ ኬዝ ላይ ሲያስነካው ትንሿ መብራት በራች።

«ጋሼ፥ ይህ ኬዝ ነዝሮዎት አያውቅም?» አለኝ።

«ሁልጊዜ ይነዝረኛል፤ ጠባዩ ነው ብዬ ነው» አልሁት።

ቀጥሎ የቴፑን ሽቦ ከግድግዳው ነቅሎ ባትሪዎቹን አስገባና ካሴቱን ከፈተ። ጉምጉምታው የለም። የእናቴ ድምፅ ብቻውን በክፍሉ ውስጥ ቆመ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ ውስጥ፥ የኤሌክትሪኩን ረብሻ ለማጣራት፥ ጥቂት ኃይል ወደ ኬዙ ብረት እንዲሾልክ ሆኖ የተሠራ ክፍል አለ። ያ ጥቂት ኃይል በሦስተኛው ሽቦ፥ በመሬት ሽቦው፥ ወደ መሬት መውረድ አለበት። የመሬት ሽቦ ከሌለ ግን በብረቱ ላይ ይቀርና ሌላ መውጫ ይፈልጋል፤ ጣትህን ብታስነካ በአንተ፥ ሽቦ ብታገናኝ በሽቦው ያልፋል። በእኔ ቤት ያገኘው መውጫ የቴፑ ሽቦ ነበረ። የአገራችን ኤሌክትሪክ በአንድ ሰከንድ 50 ጊዜ ስለሚመላለስ፥ በሄደበት ሁሉ እምምም እያለ ይሄዳል። ካርዱ የተሰጠውን በታማኝነት ከመቅዳት በቀር ምን አደረገ?

ልጁ ሶኬቱን ሲፈታው የመሬት ሽቦ የሚታሰርባት ብሎን ባዶዋን ተቀምጣለች። ያን ጊዜ ፊቴ ተለወጠ። በ1988 ዓ.ም. ይህን ቤት ሳሠራ የኤሌክትሪክ ሠራተኛው የመሬት ሽቦ እናስገባ ብሎኝ ነበረ። «መብራቱ ያለ እርሱ ይበራል፤ ለምን ወጪ ታበዛለህ?» ብዬ የከለከልሁት እኔው ራሴ ነኝ። ያ ብረት ስንት ጊዜ ጣቴን ነዝሮ ሲነግረኝ እጄን አራግፌ ዝም ያልሁትም እኔ ነኝ።

በሳምንቱ የኤሌክትሪክ ባለሙያ አስመጥቼ በግቢው ውስጥ የመዳብ ዘንግ አስቀበርሁ፤ ሽቦውም ከሶኬቶቹ ጋር ተያያዘ። ቴስተሩ በኬዙ ላይ መብራቱን አቆመ፤ ቴፑም በግድግዳው ኤሌክትሪክ ሲሠራ ጉምጉምታው አልተመለሰም። ልጁ ለፈተና ብሎ ሽቦውን ወደ አሮጌው፥ ከማዘርቦርዱ ጋር ወደ ተሠራው መግቢያ አዛወረው። እዚያም ጉምጉምታ የለም። የቀረው የካሴቱ የራሱ ሽሽታ ነው። ተራ ካሴት ከ60 ዴሲቤል በላይ የሆነ ንጽሕና እንደሌለው፥ ያ የተመካሁበት 124ም የሚወጣውን እንጂ የሚገባውን ድምፅ የሚመለከት እንዳልነበረ ያን ቀን ተማርሁ። ለድፍርስ ውሃ የወርቅ ማጥለያ ገዝቼ ኖሯል። ካርዱ ዛሬም በኬዙ ውስጥ አለ፤ ዕቃውስ መልካም ዕቃ ነው።

ልጁን ይቅርታ ጠየቅሁት። አንገቱን ደፍቶ፥ «ጋሼ፥ ይተዉት» አለኝ፤ እኔ ግን እንዲተው የሚገባ ነገር አልመሰለኝም። በሚቀጥለው የእድር ስብሰባ ላይ ተነሥቼ፥ በዚያው ቦታ፥ በዚያው ሰው ፊት የተናገርሁት ሐሰት እንደ ነበረ ተናገርሁ። አንዳንዶቹ ሳቁ፤ አንድ ሽማግሌም፥ «መምህር፥ ይህቺማ ትንሽ ነገር ናት» አሉኝ።

ትንሽ አልነበረችም። ከእድርተኞቹ አንዱ ስድስት ኮምፒውተር ያለው የፎቶ ኮፒ ቤት አለው፤ እነርሱን የሚጠግንለትም ያ ልጅ ነበረ። በእኔ ቃል ምክንያት ሥራውን ወስዶ ለሌላ ሰው የአንድ ዓመት ውል ሰጥቶበታል። ቤቱ ድረስ ሄጄ ለመንሁት፤ «እኔስ ፈቃዴ ነበረ፤ ግን ፈርሜያለሁ» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ያለ ጥፋቱ ከሥራው የሚወጣ ሁለተኛ ሰው እንዲኖር አልፈልግም። የጎደለበትን ገንዘብ በወር በወር ልክፈልህ ብለው ልጁ እምቢ አለ። የተቀበለኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የእናቴን ተረቶች ግልባጭ ለሴት ልጁ ወሰደላት። ልጅቱም ሹክሹክታው ሲደርስ ጆሮዋን ወደ ስፒከሩ እንደምታስጠጋ ነገረኝ።

የፎቶ ኮፒ ቤቱ ውል የሚያልቀው በሚመጣው ሰኔ 30 ቀን ነው። ቀኑን በግድግዳዬ የቀን መቁጠሪያ ላይ በቀይ እርሳስ ከብቤዋለሁ፤ ያን ዕለት ማለዳ ሱቁ ሳይከፈት ከሰውየው ደጅ ሄጄ እቆማለሁ።