ዓመት ከመጠበቅ ኮሌጅ

የ12ኛ ክፍል ውጤት በወጣ ቁጥር ወሬያችን ዩኒቨርሲቲ ብቻ ነው። በ2015 ዓ.ም. 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ነበሩ፤ በ2016 ደግሞ 5.4። ከቀሩት ውስጥ መረብ ኳስ የሚጫወቱም አሉ።

አንዱ የአክስቴ ልጅ ነው። ላፍቶ ያደገ፣ ረጅም፣ በግራ እጁ የሚመታ። ሪሚዲያልም አልደረሰው። እናቱ «ዓመት ጠብቆ ድጋሚ ይፈተን» አለች፤ አሰልጣኙ «ክለብ ይሞክር» አለ። እኔ ንፋስ ስልክ ፖሊ ቴክኒክ ይግባ ስል አክስቴ ተቀየመችኝ። ቴክኒክና ሙያ በብዙ ቤት አሁንም የወደቀ ልጅ መሄጃ ነው።

አሜሪካ ይሄ መንገድ የራሱ ስም አለው፤ ጁኒየር ኮሌጅ ይሉታል። ሁለት ዓመት ይማራል፣ ለኮሌጁ ይጫወታል፣ ከዚያ ወደ አራት ዓመቱ ዩኒቨርሲቲ ይዛወራል። ጨዋታው ራሱ ያሻግረዋል። እኛ ጋ ኮሌጁም ልጁም አለ፤ ዩኒቨርሲቲ የሚመድበው ግን የፈተና ነጥብ ነው፣ በሜዳ ያሳየኸውን የሚቆጥርልህ የለም።

ክለብ ይጠብቅ የሚሉትስ? እነ ሙገር ሲሚንቶን፣ እነ ብሔራዊ አልኮልን አስቡ። የመረብ ኳስ ቡድን ያቆመልን በአብዛኛው ፋብሪካና መሥሪያ ቤት ነው። ቡድኑ የሚኖረው ድርጅቱ እስከፈለገ ድረስ ነው፤ ተጫዋቹም ጉልበቱ እስከቻለ። (የጉልበት ነገር መቼም፣ ሲሚንቶ ሜዳ ላይ ለሚዘል ልጅ ቀልድ አይደለም።)

ልጁ ኤሌክትሪክ ተመዝግቧል። ማታ ማታ ይጫወታል። አክስቴ ስልኬን ማንሳት የጀመረችው ባለፈው ሳምንት ነው።