ቤንዚኑ የት ደረሰ?

አንዋር መስጊድ ሰፈር ኮፋኖ ከፍታችሁ ቆማችሁ ታውቃላችሁ? አምስት ደቂቃ ሳይሞላ አምስት ሰው ይከብባችሁና አምስት ዓይነት በሽታ ይነግራችኋል። «ፓምፑ ነው።» «ኧረ ካርቡሬተሩ ቆሽሾ ነው።» «ካንዴላ ቀይር በለው።» አብዛኛው ከልቡ ሊረዳ ብሎ ነው። ችግሩ ሶማሌ ተራ እዚያው አፍንጫ ሥር መሆኑ ነው። የተባለው ዕቃ አዲሱም፣ ያገለገለውም፣ ከፈረሰ መኪና የተፈታውም ትንሽ ራመድ ብላችሁ ታገኙታላችሁ። እዚህ ሰፈር ከመመርመር ይልቅ መግዛት ይቀላል።

አጎቴ ሰማያዊና ነጭ ላዳ ታክሲ አለው። አምስት ነፍስ በሷ ነው የሚያድረው፤ እኔም ስማር የወር ወጪዬ የሚመጣው ከሷ ነበር። ባለፈው ዓመት አንድ አመል አመጣች። ጠዋት በአንድ ቁልፍ ትነሳለች፣ ትንሽ ትሠራለች፣ ከዚያ ታቃስትና ትጠፋለች። ሞተሪኖው ይዞራል፣ ሞተሩ ግን አይነሳም። አንድ ሰዓት ምናምን ስትቆም ምንም እንዳልተፈጠረ ትነሳለች። አንድ ጋራዥ ፓምፕ ቀየረላት፤ ለሁለት ቀን ደህና ሆነች። ሌላው ካርቡሬተሩን ፈትቶ አጠበ፤ አሁንም ለሁለት ቀን። ሦስተኛው «ሙቀት ነው» ብሎ ፓምፑ ላይ እርጥብ ጨርቅ አስጠቀለለን። ይሄኛው እንኳን ከመሬት ተነስቶ የተባለ አይደለም፤ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ስላለች ቤንዚን ከቆላው ይልቅ ቶሎ ወደ እንፋሎት ይለወጣል። ጨርቁ ግን አልሠራም። ከዚያ ደላላ መጣ፤ በቁራጭ ብረት ዋጋ ሊገዛት። አጎቴ እምቢ አላለውም። «አስብበታለሁ» ነው ያለው፤ እኔ የደነገጥኩት ያኔ ነው።

አንድ ሐሙስ ከሰዓት መስጊዱ አጠገብ ቀጥ አለች። በነጋታው ጁምዓ ነው፤ መንገዱ በሰጋጅ ስለሚሞላ ከዚያ መነሳት አለባት። ከአንድ ግንብ ጥግ ሥር የሚሠሩ፣ ሰፈሩ ሁሉ ሀጂ የሚላቸው ሽማግሌ መካኒክ አሉ። አጎቴ ጠራቸው።

«ሀጂ፣ ፓምፑ አዲስ ነው፣ ካርቡሬተሩም ታጥቧል። ከዚህ በኋላ ምን እንግዛ?»

«ቆይ እስቲ፣ ምንም አትግዛ። መጀመሪያ ቤንዚኑ የት እንደደረሰ እንወቅ።»

ሥራቸውን ያየሁት እንደ ትምህርት ነው። መጀመሪያ አንድ ካንዴላ ፈተው አሸተቱ። ደረቅ ነው፣ የቤንዚን ሽታ የለውም። ኬብሉን መልሰው ሰኩና ብረቱን ሞተሩ ላይ አስነክተው አጎቴን ቁልፍ አስመቱት፤ ሰማያዊ ብልጭታ ታየ። እሳቱ አለ ማለት ነው፣ የጎደለው ቤንዚን ነው። (ይህን ያደረጉት ምንም ቱቦ ሳይፈታ መሆኑን ልብ በሉ። ቤንዚን ከተፈታ በኋላ ብልጭታ አይሞከርም፤ የከበበው ሰው ሲጋራም እንደዚያው።)

ቀጥለው የአየር ማጣሪያውን ክዳን አነሱና የነዳጁን መክፈቻ በእጃቸው እያንቀሳቀሱ ካርቡሬተሩ ውስጥ አዩ። ጤነኛ ቢሆን ቀጭን ቤንዚን ፊጭ ይላል። ምንም የለም። ካርቡሬተሩ ባዶ ነው፤ ባዶ ሆድ ደግሞ ቢታጠብም ባዶ ነው። ከዚያ ከፓምፑ ወደ ካርቡሬተር የሚሄደውን ቱቦ ነቅለው ሃይላንድ ውስጥ ከተቱና ቁልፍ አስመቱ። ሁለት ጠብታ ብቻ።

«ይኸው! ፓምፑ ሞቷል አላልኩም?» አለ አንዱ።

«ያልሰጡትን ከየት ያምጣው?» አሉ ሀጂ።

ላዳ ጥሩ ነገር አላት፤ ፓምፗ በእጅ የሚገፋ ትንሽ ምላስ አለው። ከሳልባትዮ፣ ማለትም ከቤንዚን ታንከሩ፣ የሚመጣውን ቱቦ ከፓምፑ ነቀሉና ወዲያው ጫፉን በቡሎን ወተፉት። በሱ ፈንታ አጭር ቱቦ ሰክተው ሌላኛውን ጫፍ ንጹህ ቤንዚን ያለበት ሃይላንድ ውስጥ አደረጉ። ምላሱን ጥቂት ጊዜ ገፉ፣ አጎቴ ቁልፍ መታ፣ ላዳዋ ተነሳች! ከሃይላንድ እየጠጣች ሚኒሞዋን ይዛ ቀጥ ብላ ሠራች። ፓምፑ ደህና ነው፣ ካርቡሬተሩም ደህና ነው። የወጣው ብር ሁሉ ጤነኛ ዕቃ ላይ ነው የወጣው።

የቀረው ከኋላ ያለው ነው። ሳልባትዮው ባዶ አልነበረም፤ አጎቴ ሰልፍ ጠብቆ የሞላው በዚያው ቀን ጠዋት ነው። ሀጂ እኔን ጠሩኝ። «ልጄ፣ ጆሮህን አቅርብና ክዳኑን ቀስ ብለህ ክፈት።» ስከፍተው ፉስስ አለ። አየሩ የገባው ወደ ውስጥ ነው።

ነገሩ ይህ ነው። ከሳልባትዮ ቤንዚን ሲወጣ በቦታው አየር መግባት አለበት። ካልገባ ውስጡ እየጠበበ ይሄድና ፓምፑ መሳብ ያቅተዋል፤ የታሸገ ጠርሙስን በአፋችሁ ስትስቡ እንደሚሆነው። ላዳ ላይ ሳልባትዮው ያለው ኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ነው፤ አየር የምታስገባውም አንዲት ቀጭን ቱቦ ናት። አጎቴ ደግሞ የመርካቶ ነጋዴ ጆንያ ነው የሚጭነው። ቱቦዋ ተጨምቃ ታጥፋለች። ሀጂ አቃኗት፣ ጭነት በማይነካት በኩል አሰሯት፣ አበቃ።

ያኔ ሁሉም ነገር ገባኝ። ታንከሩ በሞላበት ቀን የምትብሰው ከላይ ያለው አየር ትንሽ ስለሆነ ነው፤ ጥቂት ቤንዚን ሲወጣ ወዲያው ትታነቃለች። ስትቆም የምትድነው አየሩ በየስንጥቁ ቀስ እያለ ስለሚገባ ነው። ፓምፕ ሲቀየር «የተሻላት» ደግሞ ቱቦው ሲፈታ አየር ስለገባ ነው። ሀጂ ቱቦውን በቡሎን የወተፉት ለዚህ ነበር፤ ሳያውቁት እንዳያድኗት። መኪናዋ ተነሳች ማለት በሽታው ተገኘ ማለት አይደለም።

ሒሳብ ሲመጣ ግን አንድ ነገር ተፈጠረ። ሀጂ ዋጋ ሲናገሩ ከከበቡን አንዱ ሳቀ። «ቱቦ ለማቃናት? ምን ቀየሩና!» ለፓምፑ ማንም እንዲህ አላለም። ዕቃ በእጅ ይያዛል፣ አሮጌው ተፈቶ ይታያል፣ ስለዚህ እንከፍላለን። ለማወቅ መክፈል ግን ይተናነቀናል። እንግዲህ መካኒኩ ምን ያድርግ? መርምሮ «ምንም አልተበላሸም» ካለ ባዶ እጁን ይገባል፣ ዕቃ ከቀየረ እራቱን ይበላል። የማያስፈልግ ፓምፕ የሚያስገዛን ሌባ መካኒክ ብቻ አይደለም፤ የእኛም አከፋፈል ነው።

ላዳ በጣሊያኑ ፊያት 124 መነሻነት፣ በጣሊያናዊ ፖለቲከኛ ስም በተሰየመችው የሩሲያ ከተማ ቶሊያቲ ከ1970 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የተሠራች መኪና ናት። ስሙን ከጣሊያንኛ ባገኘው መርካቶ ውስጥ «ካንዴላ»፣ «ሞተሪኖ»፣ «ካቻቢቴ» በሚሉ የጣሊያን ቃላት ትጠገናለች። አዲስ ላዳ ግን አይመጣም። የ2012ቱ የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን አይቀመሴ አድርጎታል፤ በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከልክሏል። ያሉትን ማቆየት ያለብን እንደ ሀጂ ባሉ ሰዎች ነው። እነሱ ደግሞ ሙያቸውን ለወጣት የሚያስተላልፉት ሙያው ሲያበላ ነው።

አጎቴ ለሳቀው ሰው መልስ አልሰጠም። ሀጂ ያሉትን ቆጥሮ ሰጠ፣ ጭማሪም አደረገበት። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ደላላው ጋ ደወለ።