«ወረድን»

ቅዳሜ ማታ ኳስ ካለቀ በኋላ ዶርም ውስጥ የሚወራውን ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? «አሸነፍን»፣ «ተበላን»፣ «አሰልጣኛችን አልቻለበትም እኮ» . . . ይህን የሚለው ልጅ ለንደንን በካርታ ካልሆነ አያውቃትም፤ ክለቡም ልጁ በዚህ ምድር ላይ ስለመኖሩ ወሬ የለውም። እኔም ከእነዚሁ ነኝ። የአርሴናል ደጋፊ ነኝና ራት ሳልበላ የተኛሁባቸው ቀናት ጥቂት አይደሉም። ዛሬ ግን ስለ እግር ኳስ አልጽፍም። የምጽፈው «እኛ» ስለምትለው ቃል ነው። ስለ ቃሏ እንዳስብ ያደረገኝ ደግሞ፣ ትስቁ ይሆናል፣ የስዊድን የበረዶ ሆኪ ሊግ ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። አጎቴ፣ የእናቴ ታናሽ ወንድም፣ ስዊድን ከገቡ ሠላሳ ዓመት አልፏቸዋል። የሚኖሩት ዬቭሌ በምትባል ከስቶክሆልም በስተሰሜን ባለች የባሕር ዳር ከተማ ነው። ጌቫሊያ የሚባለው ቡና የሚቆላው እዚያ ነው፤ ንፋሱ ከወደቡ በኩል ሲመጣ ከተማው ቡና ቡና ይሸታል ይላሉ። እኚህ ሰው ስለ ስዊድን ሲያወሩ ሁልጊዜ «እነሱ» ነው የሚሉት። «እነሱ ምሳ የሚበሉት ገና በአምስት ሰዓት ነው»፣ «እነሱ ሳይጠሩ ቤት አይሄዱም»። ዜግነት አላቸው፣ ልጆቻቸው እዚያው ተወልደዋል፣ ቋንቋው ግን ሠላሳ ዓመት ሙሉ «እነሱ» ነው።

በ2023 (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ያዙልኝ) በጸደይ ወራት ስልክ ደወሉ። ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርሱ ለእናቴ «ወረድን!» አሏት። እናቴ ደንግጣ «ምነው? ከምን ላይ ወደቅህ?» አለችው። እሳቸው የሚያወሩት ስለ ሆኪ ነበር። እናቴ ስቃ ስልኩን ለእኔ ሰጠችኝ። እኔ ግን ሌላ ነገር ነው ጆሮዬ ውስጥ የቀረው፤ አጎቴ «ወረዱ» አላሉም፤ «ወረድን» ነው ያሉት።

ጨዋታውን ለማያውቅ በአጭሩ ላስረዳ። የገናን ጨዋታ አስቡ። ሜዳውን በረዶ አድርጉት፣ ተጫዋቾቹን ከሥሩ ስለት ያለው ጫማ አልብሷቸው፣ በሩሯ ፈንታ ጠፍጣፋ የጎማ ክብ ጣሉላቸው። ከእያንዳንዱ ቡድን ከነበረኛው ስድስት ሰው ይገባል፤ ሃያ ሃያ ደቂቃ ሦስት ጊዜ ይጫወታሉ። የስዊድን ከፍተኛው ሊግ ኤስ ኤች ኤል ይባላል። በ1975 ኤሊትሴሪየን በሚል ስም ተጀምሮ በ2013 ነው የአሁኑን ስም የያዘው። 14 ቡድኖች 52 ጨዋታ ይጫወታሉ። ከላይ ያሉት አሥሩ ወደ ዋንጫው ጥሎ ማለፍ ያልፋሉ። 11ኛና 12ኛ የወጡት ወደ ቤታቸው። 13ኛና 14ኛ የወጡት ግን እርስ በርስ ይፋጠጣሉ። ቀድሞ አራት ጨዋታ ያሸነፈ ይተርፋል፤ የተሸነፈው ሆኪ አልስቬንስካን ወደሚባለው ሁለተኛ ሊግ ይወርዳል። በሰሜን አሜሪካው ኤን ኤች ኤል ይህ የለም፤ የመጨረሻ የወጣ ቡድን በሚቀጥለው ዓመት እዚያው ነው።

የዬቭሌው ክለብ ብሪኔስ ይባላል። በ1912 የተመሠረተ፣ 13 ጊዜ የስዊድን ሻምፒዮን የሆነ ክለብ ነው። ቦርየ ሳልሚንግ ከብሪኔስ ጋር በ1971 እና በ1972 ሻምፒዮን ሆኖ ነው በ1973 ወደ ቶሮንቶ ሄዶ አውሮፓዊም ኤን ኤች ኤል ውስጥ ሊያበራ እንደሚችል ያሳየው። ሳልሚንግ በኖቬምበር 2022 ኤ ኤል ኤስ በሚባል የነርቭ በሽታ ሞተ። በዚያው የውድድር ዓመት መጨረሻ ብሪኔስ በማልሞ ተሸንፎ ወረደ፤ ከ63 ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ። ጀግናዋን በቀበረች በወራት ውስጥ ከተማዋ ክለቧንም አጣች ማለት ነው። «መንገድ ላይ ሰው ለሰው አይነጋገርም ነበር» አሉኝ አጎቴ። ከዚያ ቆም አሉና «መቼም እነሱ ድሮም አይነጋገሩም» ብለው ሳቁ።

እኔ ጠየቅኋቸው። «ጋሼ፣ ሌላው ሁሉ ‹እነሱ› ሆኖ ይሄ ብቻ ለምን ‹እኛ› ሆነ?» ሲመልሱልኝ ስለ ስሜት ያወራሉ ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ስለ ሕግ ነው ያወሩት። በስዊድን የስፖርት ሕግ አንድ ክለብ የአባላቱ ማኅበር ነው። ለውድድር ሥራው አክሲዮን ማኅበር ቢያቋቁም እንኳ ከግማሽ በላይ የሆነው ድምፅ በአባላቱ ማኅበር እጅ መቆየት አለበት፤ «የ51 በመቶ ደንብ» ይሉታል። የነዳጅ ከበርቴም ሆነ የአሜሪካ ባለሀብት መጥቶ ክለቡን ጠቅልሎ ሊገዛው አይችልም። የዓመት መዋጮ የከፈለ አባል በዓመታዊው ስብሰባ አንድ ድምፅ አለው። አጎቴም አባል ናቸው፤ ከፋብሪካ የሥራ ባልደረባቸው ነበር መጀመሪያ የወሰዳቸው። «እዚህ አገር ለመጀመሪያ ጊዜ እጄን አውጥቼ የተቆጠርኩት በፖለቲካ ምርጫ አይደለም» አሉኝ። «በብሪኔስ ስብሰባ ነው። ጥቁር ነህ፣ አነጋገርህ ይሰብራል ያለኝ የለም። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብለው ቆጥረው አለፉ።»

ይህን ከሰማሁ በኋላ የእኔ «ተበላን» ትንሽ አፈረችብኝ። የእኔ «እኛ» በፍቅር ብቻ የቆመች ናት። ክለቡ ቢሸጥ አልጠየቅም፣ ትኬት ቢወደድ አልጠየቅም። አገር ቤትም ብንመጣ ብዙዎቹ ክለቦቻችን በጀታቸውን የሚያገኙት ከመሥሪያ ቤት ወይም ከከተማ አስተዳደር ነው፤ በጀቱ የቆመ ዕለት ደጋፊውን «ምን ይመስልሃል?» የሚለው የለም። ከበሮውን ይዞ ቤቱ ይገባል።

ደግሞ ነገሩን ገነት አላስመስለውም። አባልነት ጎል አያገባም። 51 በመቶ ብሪኔስን ከመውረድ አላዳነውም። በ2024 ብሪኔስ ሁለተኛውን ሊግ አሸንፎ ሲመለስ በዚያው ዓመት ኦስካርሻምን የሚባለው የትንሽ ከተማ ክለብ ወርዷል፤ እዚያም «ወረድን» ያለ ሰው ይኖራል። በሩ ክፍት የሆነ ሊግ ማለት ለአንዱ መግቢያ፣ ለሌላው መውጫ ያለው ሊግ ነው።

የ2025ቱን ላውራችሁ። ከአንድ ዓመት በፊት ሁለተኛ ሊግ የነበረው ብሪኔስ የመደበኛውን ወቅት አንደኛ ሆኖ ጨረሰ! በ2012 ሻምፒዮን ሲሆኑ አምበል የነበረው ያኮብ ሲልፍቨርበሪ ከአሜሪካ ተመልሶ ከቡድኑ ጋር ነበር። ለፍጻሜም ደረሱ። ፍጻሜውን ግን ሉሌኦ 4 ለ 2 አሸንፎ ከ1996 ወዲህ የመጀመሪያውን ዋንጫ ወሰደ። አጎቴ ሲደውሉ ድምፃቸው ደክሟል፤ ነገር ግን «ሁለተኛ ወጣን» ሲሉ ኩራቱ አልጠፋም።

በዜና አጻጻፍ ኮርስ «ማን? ምን? የት? መቼ? ለምን?» ተብለን ተምረናል። የስፖርት ዜና ስናነብ «ማን» የሚለው ብዙ ጊዜ ግብ ያገባው ሰው ነው። ከሠንጠረዡ ግርጌ ያለው፣ እዚያ ላይ ደግሞ ከመቀመጫው «ወረድን» የሚለው ሰው፣ ከዜናው ውጭ ነው። እኔ በዚህ ሴሚስተር ለፊቸር ኮርስ የምሠራው ጽሑፍ ስለ አንድ ደጋፊ እንዲሆን አስቤያለሁ። ስታዲየም በር ላይ ቆሜ የምጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ «‹እኛ› ስትል፣ የተቆጠርክበት ቀን አለ?» መልሱ «የለም» ከሆነም እሱ ራሱ ዜና ነው። ከእናንተ መሐል አብሮኝ መሄድ የሚፈልግ ካለ ሁለተኛ ዓመት ክፍል ብቅ ይበል፤ መቅረጸ ድምፅ ያለው ቢሆን ደግሞ ይመረጣል።