ጓያ ብቻ የቀረበት ቤት

በእኛ በወግዲ እግሩን ጓያ የሰበረው ሰው ሲታይ «ምን በልቶ ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ብዙ የለም። የሚጠየቀው የት እንደተቀመጠና የት እንደተኛ ነው። ንፍሮው ሲንተከተክ እንፋሎቱ መታው ይባላል፤ ከጓያ ገለባ ላይ ተኝቶ ነው ይባላል፤ ጤዛ ሳይረግፍ ማሳውን አቋርጦ ነው ይባላል። እናቴም እንፋሎት ነው ብላ ብዙ ዘመን ኖራለች። እኔ በአሥራ ስድስት ዓመቴ ጓያ የሰበረኝ ሰው ነኝ። የሰበረኝ እንፋሎት እንዳልሆነ መመስከር አለብኝ፤ ያ እምነት እኔን ጎድቶኛል፣ ዛሬም በሌላ ምድጃ ዳር ሌላ ልጅ ሊጎዳ ይችላል።

ጓያን ላጥላላ አይደለም የተነሣሁት። በዋልካ መሬታችን ላይ ክረምቱ ሲያበቃ ይዘራና አፈሩ በያዘው እርጥበት ብቻ አድጎ ያፈራል። ውሃ ቢተኛበት ይችላል፣ ዝናብ ቢቀርበትም ይችላል። ማዳበሪያ አይጠይቅም፤ ከአየር ናይትሮጂን ስቦ ለሚቀጥለው ሰብል መሬቱን ያለማል። በፕሮቲን ከባቄላና ከአተር አያንስም፣ በዋጋም ይረክሳል። ብዙ ቤት ሽሮውን ከባቄላና ከአተር ጋር ቀላቅሎ ዕድሜውን ሙሉ ይበላዋል፣ ምንም አይሆንም። መከራው የሚመጣው ሌላው ሁሉ አልቆ እሱ ብቻ ሲቀር ነው።

አባቴ በ1987 ዓ.ም. አረፈ። በዓመቱ ጤፋችንን በረዶ መታው፣ ገብሱም ከዘሩ ያለፈ አልሰጠም። በጥር የተወቃው ጓያ ብቻ ጎተራ ገባ። እስከ ሚያዝያ ድረስ ከዘመድ የተበደርነው ጥቂት ማሽላ እየተደባለቀበት ከረመ። ግንቦት ላይ ማሽላው አለቀ። ከዚያ ጠዋት የጓያ ንፍሮ፣ ቀን የጓያ ቆሎ በኪስ፣ ማታ የጓያ ቂጣ በጓያ ሽሮ። ሽሮው ዘይትም ሽንኩርትም አያውቅም፤ ጨውና ትንሽ በርበሬ ነው። የእርዳታ እህል ለማደል ስም ሲመዘገብ እኛ ቤት ጓያ ስለተገኘ «እነዚህስ እህል አላቸው» ተብለን ታለፍን።

ሰኔ ላይ እርሻ መጣ። የቤቱ ትልቅ ወንድ እኔ ስለሆንሁ ሞፈሩን የያዝሁት እኔ ነኝ። መጀመሪያ የተሰማኝ ሌሊት ሌሊት ነው፤ ባቴ ይኮማተራል፣ ጭኔ ውስጥ ጅማት የሚጎትት ይመስለኛል። ቀን ቀን ደግሞ እግሬ ይከብደኛል። ቁልቁለት ስወርድ ጉልበቴ ይንቀጠቀጣል፣ ዳገት ግን ምንም አይለኝም። ድካም ነው አልሁ። ሐምሌ ላይ አንድ ጠዋት ከመደቡ ተነሥቼ ልወጣ ስል ተረከዜ መሬት አልነካ አለ። በጣቶቼ ቆሜያለሁ፣ ለማውረድ ብጫነውም አይወርድም። ቀኙን ላራምድ ስል ግራውን ይጠልፈዋል፤ ጉልበቶቼ እርስ በርሳቸው ይፋጫሉ። ሕመም የለም። ጣቴን ብቆነጥጥ ይሰማኛል። እግሬ የእኔ ነው፣ ግን አይታዘዘኝም። በሩ ድረስ ግድግዳውን ይዤ ሄድሁ፤ ደጃፉ ላይ ወደቅሁ።

እናቴ የመጀመሪያ ቃሏ «እኔ ነኝ የሰበርሁህ» ነበር። ያን ክረምት ብርዱ የከፋ ስለነበር ማታ ማታ ምድጃው አጠገብ ታስቀምጠኝ ነበርና እንፋሎቱ መታው ብላ ደመደመች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማሰሮውን ስትጥድ እኔን ከቤት ታስወጣኛለች፤ ክዳኑን በጭቃ ትመርጋለች። ንፍሮው በስሎ ቀዝቅዞ እንፋሎቱ ጠፍቶ ሲያበቃ ግን በሽተኛ ነው ብላ ከእህቴ ድርሻ ቀንሳ ለእኔ ትጨምርልኛለች። ይህን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል። የምትችለውን ጥንቃቄ ሁሉ አድርጋለች፤ ጥንቃቄው ሁሉ የዋለው በእንፋሎቱ ላይ ነው፣ መርዙ ደግሞ በሳህኑ እየቀረበልኝ ነበር።

ወጌሻ መጥቶ በቅቤ አሸኝ። ጠበል ወሰዱኝ። በመጨረሻ አጎቴ በበቅሎ መካነ ሰላም አደረሰኝ፣ ከዚያ በመኪና ደሴ ወረድን። ደሴ ላይ ያየኝ ሐኪም ወጣት ነበር። አልጋ ላይ አስቀምጦኝ ጉልበቴን በትንሽ መዶሻ መታ ሲያደርገው እግሬ ተፈናጥሮ ሊመታው ነበር። ቀጥሎ የእግሬን መዳፍ በእጁ ይዞ ወደ ላይ ገፋ አደረገውና ያዘው፤ እግሬ እጁ ላይ ብቻውን ይርገበገብ ጀመር፣ እስኪለቀውም አላቆመም። አጎቴ ደንግጦ ሲያማትብ ሐኪሙ ቀና ብሎ ጠየቀኝ፦

«ወንድሜ፣ ምን ስትበላ ከረምህ?»

«ጓያ።»

«ከጓያ ሌላስ?»

«ሌላ ምን አለ ጌታዬ?»

ምን እንደበላሁ የጠየቀኝ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። አጥንቴ እንዳልተሰበረ፣ ደሜም እንዳልተበላሸ ነገረኝ። የተጎዳው ከአንጎል ተነሥቶ በአከርካሪ ወርዶ እግርን የሚያዝዘው ነርቭ ነው። የተጎዳው ነርቭ አይመለስም፤ ጓያውን ከተውሁ ግን በሽታው ወደፊት አይገፋም። አእምሮን አይነካም፣ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፣ ለልጅም አይወረስም። ይህን የመጨረሻውን አጎቴ ሁለት ጊዜ አስደገመው፤ የጓያ ሰባራ ቤት ሴት ልጅ የሚሰጥ እንደሌለ ያውቃልና።

ኋላ መምህር ሆኜ ማንበብ ስችል ነገሩን ተከታተልሁት። መርዙ ኦዳፕ የሚባል አሚኖ አሲድ ነው፤ ሕንዶች በ1964 እ.ኤ.አ. ከጓያ ፍሬ ለይተው አወጡት። በነርቮቻችን መካከል መልእክት የሚያደርሰውን ግሉታሜት የተባለውን ንጥረ ነገር ይመስላል፤ ነርቩን ያለ እረፍት እየቀሰቀሰ ያደክመዋል፣ ይገድለዋል። ተክሉ ውሃ ሲጠማው ደግሞ ኦዳፑን ይጨምራል፤ ስለዚህ በድርቅ ዓመት ጓያው ብቻውን ከመቅረቱ በላይ መርዙም ይበረታል። በዚያ ላይ ጓያ ድኝ ያላቸው ሜቲዮኒንና ሲስቲን የሚባሉት አሚኖ አሲዶች ያንሱታል። ጤፍ፣ ስንዴና ገብስ እነዚህን ይሰጣሉ። ጥቂት እህል የተቀላቀለበት ጓያና ጓያ ብቻውን ሆድ ውስጥ ሲገቡ አንድ እንዳልሆኑ የገባኝ ያኔ ነው።

እኛ አገር ይህን በሽታ ካጠኑት ቀዳሚው የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖት ናቸው። ከባልደረቦቻቸው ጋር ደምቢያና ፎገራ ወርደው ቤት ለቤት ቆጥረው በ1990 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት ከሺህ ሰው ስድስቱ የጓያ ሰባራ ሆኖ ተገኘ። ከእኛ ብዙ በማይርቀው በደላንታ ዳውንት ደግሞ ከ1995–96 እ.ኤ.አ. ድርቅ በኋላ ከ2,000 በላይ ሰዎች ተሰብረዋል፤ እኔ በወደቅሁበት ዘመን ማለት ነው። እዚያ ያጠኑት ዶክተር ኃይለየሱስ ጌታሁንና ቤልጅጋዊው ላምቤን ያገኙት ነገር ለእያንዳንዷ እናት ሊነገር የሚገባው ነው። ጓያን በእሸት፣ በቆሎና በንፍሮ መብላት ለበሽታው ያጋልጣል። ሽሮውን ሽንኩርትና ዝንጅብል በመሳሰለው ቅመም ሠርቶ መብላትና ከእህል ጋር መቀላቀል አደጋውን ይቀንሳል። ከሁሉ ይልቅ የሚጠቃውም ወጣት ወንድ ነው። እህቴ ከአንድ ማሰሮ በልታ ለምን እንደተረፈች ስጠይቅ የኖርሁት ጥያቄ መልሱን በከፊል ያገኘው ከዚህ ነው።

ታሪኩ የእኛ ብቻ አይደለም። በ1942 እ.ኤ.አ. በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ ሮማኒያውያን በያዙት የዩክሬን ምድር ቫፕኒያርካ በተባለ የእስረኞች ካምፕ ውስጥ አይሁድ ታሳሪዎች ጓያ ይቀለቡ ነበር። ብዙዎቹ እንደኔ በጣታቸው ቆሙ። አርተር ኬስለር የሚባል፣ ራሱም እስረኛ የሆነ ሐኪም ምግቡ መሆኑን ደረሰበት፤ እስረኞቹም ያን ቀለብ አንበላም ብለው አደሙ፣ ቀለቡም ተለወጠ። ይህን ሳነብ ለብዙ ቀን ከራሴ አልወጣ አለኝ። እነዚያም ሌላ የሚበሉት አጥተው ነው የበሉት።

ከደሴ ስመለስ ለእናቴ የሐኪሙን ቃል ነገርኋት። መጀመሪያ አላመነችም፤ «ሐኪሙ የእኔን ምድጃ የት አየው?» አለች። ስታምን ደግሞ ባሰባት። «እንግዲያ ያበላሁህ እኔ አይደለሁም ወይ?» አለችኝ። «እማዬ፣ ያ ጓያ ባይኖር ያን ክረምት ማናችንም አንወጣውም ነበር» አልኋት። ይህ ላጽናናት ያልሁት አልነበረም። እውነቱ ነው፤ ያው ፍሬ እኔንም እህቴንም ከሞት አውጥቶናል፣ የእኔን እግር ደግሞ ወስዶታል። ለዚህ ነው ጓያን የሰደበ ሰው ስሰማ የማልስማማው፤ እናቶችን የወቀሰ ስሰማ ደግሞ የምቆጣው።

ዛሬ በአንድ ምርኩዝ እሄዳለሁ። የጫማዬ አፍንጫ ከተረከዙ ብዙ ቀድሞ ያልቃል። ብርድ በበዛበት ጠዋት እግሬ እስኪፍታታ ድረስ ከአልጋዬ ጠርዝ ላይ እቆያለሁ። አግብቻለሁ፣ ልጆቼ እንደማንም ልጅ ይሮጣሉ፤ በሽታው ይወረሳል የሚሉትን ጎረቤቶቼን እነሱ ጸጥ አሰኝተውልኛል።

ተማሪዎቼ ቤት ስደርስ ለእናቶቻቸው የምነግረው ይህን ነው፦ ኦዳፕ በውሃ ይሟሟል። ጓያውን ማታ በብዙ ውሃ ዘፍዝፋችሁ ጠዋት ውሃውን ድፉት፤ ስትቀቅሉትም መቀቀያውን ውሃ ድፉት። መርዙ በሙሉ ባይወጣም ጥሩ ድርሻው ይወጣል። አንዲት እናት «አንተ፣ ውሃውን ማን ቀድቶ ነው የምደፋው?» ብላኛለች። ልክ ነች። በበጋ ምንጩ ሲደርቅ እንስራ አዝላ ገደል ወርዳ የምትመጣ ሴት ውሃ ድፊ ሲሏት ልቧ አይቀበልም፤ ማገዶውም እንደዚያው ነው። ስለዚህ ምክር ብቻውን በቂ አይደለም። ኦዳፑ ያነሰ ዘርም አለ፤ በ2006 እ.ኤ.አ. ዋሴ የሚባል የጓያ ዝርያ በአገራችን ወጥቷል። ግን የጓያን አበባ ንብ ከማሳ ማሳ ያዳቅለዋል፤ አጠገቡ አሮጌው ጓያ ከተዘራ ዋሴው ዓመት በዓመት እየተበላሸ ይሄዳል። አንድ ገበሬ ብቻውን ሊጠብቀው አይችልም፤ መንደር ሙሉ ተስማምቶ ዘሩን መለወጥ አለበት፣ ዘር አቅራቢውም በየጊዜው ማደስ አለበት።

እስከዚያው ድረስ በቅርብ የሚቻለው የእህል ነገር ነው። በደላንታ የታየውም እህል ከጓያው ጋር መቀላቀሉ አደጋውን መቀነሱ ነው። የእርዳታው እህል ቤቱን ክረምቱን ሙሉ ባይቀልብም፣ ጓያው ብቻውን እንዳይበላ ከደረሰ ይጠቅማል። በቀበሌያችን ስብሰባ ላይ ቆሜ የተናገርሁትም ይህንኑ ነው። ስም ስትመዘግቡ ጎተራው ባዶ መሆኑን ብቻ አትዩ፤ በጎተራው ያለው ምን እንደሆነም ጠይቁ። ጓያ ያለው ቤት እህል አለው ብላችሁ አትለፉት። ጓያ ብቻ የቀረበት ቤት፣ በተለይ የሚያርስ ጎረምሳ ያለበት ቤት፣ ከዝርዝሩ አናት ይግባ። ምዝገባው ግንቦት ላይ ይሁን፣ እህሉም ከሰኔ እርሻ በፊት ይድረስ።