ድንገተኛ ጉዞ ሲታሰብ ወሩን እዩ

ከኑኑ ቁምባ ለሚነሣ ቤተሰብ ጎንደርም አርባ ምንጭም ሩቅ ነው፤ ነቀምቴ ወጥቶ፣ አዲስ አበባ አድሮ ነው የሚቀጠለው። የልጅ ልጆች «ነገ እንሂድ» ሲሉ እኔ መጀመሪያ የማየው ወሩን ነው፤ ቀጥሎ የመንገዱን ሰላም እጠይቃለሁ።

ከመስከረም እስከ ኅዳር ወባ የሚበረታበት ጊዜ ነው። የዴዴሳን ቆላ የምናውቅ ይህን አንረሳም። ሕፃን ወይም ነፍሰ ጡር ካለች እንደ ባሌ ጎባ ያለ ደጋ ይሻላል። ለገና ላሊበላ፣ ጥር 11 ለጥምቀት ጎንደር፤ ሁለቱም ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆኑ ጋቢ ያዙ። አርባ ምንጭን በየካቲት እዩ፤ አጎበር ግን አይቅር።

ከቆላ ተመልሶ ያተኮሰውን ልጅ፣ ሁለት ሳምንት ቢያልፍም፣ «የመንገድ ድካም ነው» አትበሉ። በዚያው ቀን ደሙ ይመርመር፤ የት እንደነበረም ለሐኪሙ ንገሩ።