ታሞ የቀረ ተማሪ ቀሪ አይባል

በገጠር ትምህርት ቤት ትውከትና ተቅማጥ በጥቂት ቀናት ከክፍል ወደ ክፍል ሲዛመት ወቀሳው አብዛኛውን ጊዜ በልጆቹ ንጽህና ጉድለት ላይ ያርፋል፤ የበሽታውን ባሕርይ የተረዳ ሰው ግን ውኃ በሌለበት ግቢ ስለ እጅ መታጠብ የሚለጠፍ ማስታወቂያ ልጁን ከመውቀስ በቀር እንደማይፈይድ ይገነዘባል። ለእንዲህ ያለው ወረርሽኝ ከዋነኞቹ ምክንያቶች አንዱ ኖሮቫይረስ የሚባለው፣ የጨጓራንና የአንጀትን ውስጠኛ ሽፋን የሚያውክ ተህዋስ ሲሆን፣ መጠሪያውን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1968 በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት፣ ኖርዎክ ከተማ በሚገኝ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተነሥቶ የተማሪዎቹንና የመምህራኑን ግማሽ ያህል ካሳመመው ወረርሽኝ ነው። ሕፃናትን ይበልጥ የሚያጠቃውን ሮታቫይረስ ለመከላከል ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ክትባት ትሰጣለች፤ ለኖሮቫይረስ ግን አገልግሎት ላይ የዋለ ክትባት ስለሌለ መከላከሉ በትምህርት ቤቱ አሠራር ላይ ይወድቃል።

አንድን ሰው ለማሳመም ከ100 ያነሱ የቫይረሱ ቅንጣቶች ሊበቁ ይችላሉ። ሕመሙ ቫይረሱ በገባ ከ12 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ ይጀምርና በአብዛኛው ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ቆይቶ ይለቃል፤ የዳነው ልጅ ግን ቫይረሱን ከዓይነ ምድሩ ጋር ለሁለት ሳምንትና ከዚያም በላይ ሊያወጣ ይችላል። ቫይረሱ የቅባት ልባስ ስለሌለው በኮሮና ጊዜ የተለመደው የአልኮል ሳኒታይዘር በእርሱ ላይ አቅሙ ደካማ ነው፤ የሚሻለው እጅን በሳሙና አሽቶ በሚወርድ ውኃ ማለቅለቅ ነው።

ችግሩ ግን ውኃው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ለአንድ ተማሪ በቀን 5 ሊትር ሲያስቀምጥ፣ 600 ተማሪ ላለው ትምህርት ቤት ይህ በየቀኑ 3,000 ሊትር ማለት በመሆኑ፣ ልጆች ከወንዝ በጀሪካን ተሸክመው በሚያመጡት ውኃ የሚሞላ አይደለም። ስለዚህ ያለው ጥቂት ውኃ አስቀድሞ የት እንደሚውል መወሰን ያስፈልጋል፤ ቦታው የርዕሰ መምህሩ ቢሮ ደጃፍ ሳይሆን የሽንት ቤት መውጫና ምግብ የሚታደልበት በር ነው። በገመድ ተንጠልጥሎ፣ በእግር በሚረገጥ እንጨት የሚዘነበል ቀዳዳ ጀሪካን በጥቂት ውኃ ብዙ እጅ ያስታጥባል፤ የሚጠፋውን ደረቅ ሳሙና ደግሞ በጠርሙስ የተበጠበጠ ዱቄት ሳሙና ይተካዋል።

ልጅ ክፍል ውስጥ ሲያስታውክ ረቂቅ ጠብታዎች ወደ አየር ስለሚነሡ ሌሎቹ ተማሪዎች ወዲያው መውጣት፣ በርና መስኮቱም መከፈት አለበት። ወለሉ ሲሚንቶ ከሆነ ትውከቱ በአመድ ወይም በአሸዋ ተሸፍኖ ይነሣና፣ ቦታው አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውኃ ተበጥብጦ ይፈስበትና ቢያንስ 5 ደቂቃ ይቆያል። የብዙ ገጠር ክፍሎች ወለል ግን አፈር ነው፤ አፈር የበረኪናውን ኃይል ቶሎ ስለሚያዳክመው የላይኛውን አፈር በአካፋ ገፎ ሽንት ቤቱ ጉድጓድ ውስጥ መጣል ይመረጣል። ይህ ጓንት ያደረገ አዋቂ ሰው ሥራ እንጂ የተረኛ ተማሪ ሥራ መሆን የለበትም፤ ተረኛው በማግስቱ የሚታመመው በዚህ ምክንያት ነውና።

ከሁሉም በላይ ከባዱ ጉዳይ መቅረት ነው። የታመመ ልጅ ትውከቱና ተቅማጡ ከቆመለት በኋላም ሌላ 48 ሰዓት እቤቱ እንዲቆይ የሚመከር ቢሆንም፣ በትምህርት ቤት ምገባ የሚተዳደር ልጅ ከቀረ የዕለት ጉርሱን ያጣል፤ ስለዚህ ሆዱን ያመመውን ልጅ የምትልክ እናት ግድየለሽ አይደለችም። ትምህርት ቤቱ ታሞ የቀረውን ልጅ ከቀሪዎች ባይቆጥረው፣ የምግብ ድርሻውንም በወላጁ በኩል ቢያደርስለት፣ እቤት መቆየት የሚቻል ነገር ይሆናል። በአንድ ሳምንት ውስጥ በርከት ያሉ ልጆች ከቀሩም ለቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ በዕለቱ መንገር ግድ ነው፤ ኮሌራን ከሌላው ተቅማጥ በዓይን አይቶ መለየት አይቻልምና፣ ለታመሙትም ሕይወት አድን ንጥረ ነገር ከጤና ኬላው ቶሎ መድረስ አለበት።

ታሞ እቤት የመቆየቱ ሕግ ምግብ አብሳይዋንም ይመለከታል። ለመቶዎች ልጆች በእጇ የምታበስል የአካባቢው እናት ስትታመም፣ ሕመሙ ከቆመላት በኋላም ሌላ ሁለት ቀን መቅረት ሲኖርባት፣ የቀን አበሏ የሚቆረጥ ከሆነ ሕመሟን ደብቃ ትሠራለች፤ በመሆኑም የወላጅና መምህር ኅብረቱ ተተኪ አብሳይ አስቀድሞ መመደብና የታማሚዋ አበል እንዳይነካ በቃለ ጉባኤ መወሰን ይጠበቅበታል።