«ቆንጆ ነው» አይበቃም

በዚህ ግቢ ውስጥ ፎቶግራፍ የማያነሣ ተማሪ ማግኘት ዛሬ ከባድ ነው። ስልክ የያዘ ሁሉ ካሜራ ይዟል፤ ካሜራ የያዘም ሁሉ በቀን አሥር ጊዜ ይጫነዋል። ነገር ግን ብዙ ማንሣት ሌላ፥ ማንሣትን መማር ሌላ ነው። በየሳምንቱ መቶ ጊዜ የሚያነሣው ሰው ከዓመት በኋላ እንደ መጀመሪያው ቀን ሲያነሣ እናየዋለን፤ በሳምንት ጥቂት ብቻ የሚያነሣው ሌላው ደግሞ በጥቂት ወራት ውስጥ ዓይኑ ተከፍቶ እናገኘዋለን። ልዩነቱ ከምን የመጣ ነው? በበኩሌ የደረስሁበት መልስ ሁለት ነው። አንደኛው በዓላማ መደጋገም፥ ሁለተኛው እውነቱን የሚነግር ተመልካች ማግኘት ነው።

ይህ አሳብ ከባሕር ማዶ የመጣ አዲስ ፍልስፍና አይደለም። የአገራችን የቅኔ ተማሪ የሚማረው በዚሁ መንገድ ነው። ጀማሪው በመጀመሪያው ቀን ስምንት ቤት ያለውን መወድስ አይሞክርም፤ ሁለት ቤት ባለው በጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ከዚያ ወደ ዘአምላኪየ፥ ከዚያም ወደ ሚበዝኁ እያለ ያድጋል። ገለል ብሎ ለብቻው ይቈጥራል፤ የቈጠረውንም ይዞ ለመምህሩ ይነግራል። መምህሩም ያቃናለታል፤ ካልሆነም ሂድና እንደገና ቍጠር ይለዋል። ቆጠራ ያለ ነገራ ፍሬ የለውም፤ ነገራም ያለ ቆጠራ አይገኝም። ፎቶግራፍ ለመማር የተነሣ ሰውም ከዚህ የተሻለ ሥርዓት የሚያገኝ አይመስለኝም። እኛ ግን ብዙዎቻችን ጉባኤ ቃናውን ዘለን መወድሱን እንመኛለን፤ ያውም ያለ መምህር!

እንግዲህ ከቆጠራው ልጀምር። በስድስት ኪሎ ግቢ፥ በቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ደጃፍ፥ ጣልያኖች በወረራቸው ጊዜ የሠሩት ጠመዝማዛ ደረጃ እንዳለ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ደረጃው ሽቅብ ይወጣል እንጂ የትም አያደርስም፤ ጫፉ ላይም ከነጻነት በኋላ የይሁዳ አንበሳ ቆሞበታል። ባለፈው ዓመት ይህን አንድ ደረጃ ለሠላሳ ቀን፥ በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ለማንሣት ወሰንሁ። ከአንድ በላይ አይፈቀድም። ጓደኞቼ «ደረጃው መቼ ይሸሻል?» እያሉ ሳቁ።

ደረጃው አልሸሸም፤ ብርሃኑ ግን በየሰዓቱ ይሸሽ ነበር። ጧት በአንድ ሰዓት ፀሐይ ከጎን ስትመጣ እያንዳንዱ እርከን ጥላውን ይዞ ለብቻው ይቆማል፤ በስድስት ሰዓት ግን ሁሉም ጠፍጣፋ ይሆናል። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ያህል ብቻ ርቃ ስለምትገኝ የቀትር ፀሐይ ከዐናታችን ላይ ናት። በዚያ ሰዓት የተነሣ ሰው ዓይኖቹ ጕድጓድ፥ ከአፍንጫው በታች ያለው ጥላ ጢም ይመስላል። ሰማዩ በደመና ሲሸፈን ደግሞ ብርሃኑ እንደ ወንፊት ተነፍቶ ይወርዳልና የሰው ፊት ለማንሣት ይመቻል። በመጀመሪያው ሳምንት ማንም የሚያየውን አንሥቼ ጨረስሁ። በሁለተኛው ሳምንት መንበርከክ፥ መቅረብ፥ ሰው እስኪያልፍ መጠበቅ መጣ። በሃያ ሦስተኛው ቀን ከዝናብ በኋላ አንበሳው በኵሬ ውስጥ ተገልብጦ ታየኝ። ከሠላሳው ውስጥ ዛሬም የምወደው ያንን አንዱን ነው፤ ሃያ ሁለቱን ቀን ባልቆጥር ኖሮ ሃያ ሦስተኛው አይመጣም ነበር።

ለጀማሪ የምመክረውም ይህንኑ ነው፤ ለአንድ ሳምንት አንድ ነገር ብቻ ይያዝ። አንዱን ሳምንት ለፍጥነት ይስጥ። የሚሮጥ ልጅ ቀጥ ብሎ እንዲታይ መዝጊያው በሰከንድ አምስት መቶኛ ያህል መክፈትና መዝጋት አለበት፤ በሰላሳኛ ከሆነ ልጁ ይደበዝዛል፥ የራሳችን እጅ መንቀጥቀጥም ይጨመርበታል። ሌላውን ሳምንት ለርቀት፥ ሌላውንም ለጥላ ይስጥ። ከአባቱ የተረፈ የፊልም ካሜራ ያለው ደግሞ የድሮዎቹን ቀላል ሕግ ይያዝ፤ በጠራ ፀሐይ የብርሃን ቀዳዳው 16 ላይ፥ የፊልሙ ቍጥር 100 ከሆነም መዝጊያው 125 ላይ ይሁን። ፊልም ሠላሳ ስድስት ብቻ ስለሆነና ማሳጠቢያውም ገንዘብ ስለሚጠይቅ፥ ሳያስቡ መጫንን ያስተዋል።

በተለይ ለእኛ አንድ ሳምንት ሙሉ ሊሰጠው የሚገባ ነገር አለ፤ እርሱም ነጭ ነጠላና ጠይም ፊት ነው። በካሜራው ውስጥ ያለው የብርሃን መለኪያ የሚያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ለማምጣት የተሠራ ነው። ነጠላ የለበሱ እናቶች ሥዕሉን ሲሞሉት መለኪያው «ብርሃን በዛ» ብሎ ያጨልማል፤ ፊታቸውም እንደ ከሰል ይጠቍራል። በጨለማ ደጃፍ ውስጥ አንዲት ሴት ብቻዋን ብትቆም ደግሞ «ብርሃን አነሰ» ብሎ ያበዛና የነጠላዋ ጥልፍና ክር ተቃጥሎ ባዶ ነጭ ይሆናል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። በስልክ ከሆነ ፊቱን በጣት ነክቶ ብርሃኑን እንደ ነገሩ ከፍ ወይም ዝቅ ማድረግ፤ ይልቁንም ሰውየውን ከፀሐይ ወደ ቤት ጥላ ጠጋ ማድረግ ነው። መለኪያው ልብስ እንጂ ሰው አያውቅም፤ ሰውን ማወቅ የአንሺው ፈንታ ነው።

አሁን ወደ ነገራው ልምጣ። በዚህ በኩል ችግራችን ይሉኝታ ነው። ለጓደኛችን ሥዕላችንን ስናሳየው «ቆንጆ ነው» ይለናል፤ እኛም የእርሱን ስናይ ብድሩን እንመልሳለን። ተመሰጋግነን እንለያያለን፤ ማናችንም ግን አንዲት ጋት አንራመድም። ወይም ደግሞ አንዱ ዐዋቂ ነኝ ባይ ይነሣና «ይኼማ ምን ፎቶ ነው!» ብሎ ያዋርዳል። የመጀመሪያው ያስተኛል፥ ሁለተኛው ያስሸሻል፤ ሁለቱም አያስተምሩም።

ይህን አይተን ስድስት ተማሪዎች ሆነን ዘወትር ሐሙስ ማታ በአንዱ ዶርም መሰብሰብ ጀመርን። ሕጋችን ጥቂት ነው። እያንዳንዱ ሦስት ሥዕል ብቻ ይዞ ይቀርባል፤ መምረጥ ራሱ ግማሽ ትምህርት ነውና። ሌሎቹ ተናግረው እስኪጨርሱ ያነሣው ሰው ዝም ይላል፤ በጎደለ ሥዕል ላይ አፉን የሚሞላ ብዙ ነውና። ተናጋሪው በመጀመሪያ ያየውን ብቻ ይናገራል፤ ቀጥሎ ዓይኑ መጀመሪያ የት እንዳረፈ፤ ከዚያ ምን ቢቀር ሥዕሉ እንደማይጎድል። በመጨረሻም ለሚቀጥለው ሳምንት አንድ የቤት ሥራ ይሰጠዋል፤ ሁለት አይሰጠውም። «ቆንጆ ነው» ብሎ ምክንያቱን የማይናገር የስድስታችንን ሻይ ይከፍላል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሻይ ገንዘብ አላስወጣንም ማለት ይቻላል፤ ሁሉም ከፋይ ነበረና። ዛሬ ግን እያንዳንዳችን የገዛ ሻያችንን ነው የምንጠጣው።

ሆኖም ከስድስታችን የሚበልጥ ተቺ እንዳለ ያወቅነው በአንዲት አባላችን ምክንያት ነው። በፒያሳ አካባቢ በአንድ አሮጌ ግቢ ደጃፍ ቡና የሚያፈሉ አንዲት አሮጊት ነበሩ። እርስዋ የከሰሉን ጭስና በጭሱ ውስጥ የሚገባውን የጧት ፀሐይ አነሣች፤ እኛም ሐሙስ ማታ በአንድ ድምፅ አደነቅን፤ ምክንያቱንም ሳይቀር ዘረዘርን። አሳትማ ወስዳ ለአሮጊቲቱ ብትሰጣቸው ግን አገላብጠው አይተው፥ «ልጄ፥ ይኼ ጭሱ ነው፤ እኔ የታለሁ?» አሏት።

ጥያቄው ለስድስታችንም ደረሰ። ልጅቷም ተመልሳ ሄደች፤ አንድ ጊዜ ሳይሆን ሦስት ጊዜ። በሁለተኛው ጊዜ እማማ ነጠላቸውን አጣፍተው ጠበቋት፤ ከላይ የተናገርሁት የነጠላው ነገር መጣና ፊታቸው ጨለመ። በሦስተኛው ጊዜ በርጩማቸውን ወደ ግንቡ ጥላ ሳብ አደረገችላቸውና ስለ ልጅነታቸው እየጠየቀች አነሣቻቸው። ያን ሲያዩ ሣቁና «ይኼን ለልቅሶዬ አስቀምጡልኝ» አሉ።

ይህን ቃል እንደ ቀልድ ያየው አንባቢ ልቅሶ ቤት ሄዶ የማያውቅ መሆን አለበት። በብዙ ቤት ሟቹ የሚለቀስበት ሥዕል ከመታወቂያ ወረቀት ላይ ተነሥቶ የተጎላ ጕርድ ፎቶግራፍ ነው። ሰባ ዓመት የኖረ ሰው ለልጅ ልጆቹ የሚቀርላቸው መልክ ፎቶ ቤት ደንግጦ የተቀመጠባት አንዲት ደቂቃ ናት። እንግዲህ የኛ መማርና አለመማር የጊዜ ማሳለፊያ ጕዳይ ብቻ አይደለም ማለት ነው።

በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ የቆዩ ሰፈሮች ሲፈርሱ የእማማም ግቢ አብሮ ሄደ። እርሳቸው ዛሬ በከተማው ዳር በኮንዶሚኒየም ይኖራሉ፤ ሥዕሉም ከግድግዳቸው ላይ ተሰቅሏል። ልጅቷ ከጭሱ ሥዕል በኋላ «በቃኝ» ብላ ቢሆን ኖሮ በዚያ ግድግዳ ላይ ዛሬ ምን ይሰቀል ነበር? ደረጃው ሠላሳ ቀን ቆሞ ጠብቆኛል፤ ሰፈርና ሰው ግን እንዲህ አይጠብቁም። ስለዚህ የሚጠብቀን ነገር ሳለ በእርሱ ላይ እንለማመድ፤ የማይጠብቀን ሲመጣ እጃችን ዝግጁ ይሁን።

በዚህ ሙያ አገራችን ባዶ አይደለችም። ከዐፄ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ የነበረው አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን ሙያውን ለልጆቹ ለሃይጋዝና ለቶኒ አስተላልፏል። በዘመናችን ሚካኤል ፀጋዬ በዚሁ ዩኒቨርሲቲ ሥዕል ተምሮ፥ የዘይት ቀለም ለጤናው ስላልተስማማው ወደ ካሜራ ዞረ። አይዳ ሙሉነህ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2010 የመሠረተችው አዲስ ፎቶ ፌስትም ሥዕል ሰቅሎ ማሳየት ብቻ አልነበረም፤ አንሺዎች ሥራቸውን ይዘው በዐዋቂ ፊት ተቀምጠው አስተያየት የሚቀበሉበትም ነበር። ስማቸው የታወቀውም ያልታወቀውም ሥራቸውን ለሌላ ዓይን እያሳዩ ነው የሚያድጉት።

ስለዚህ ለተማሪዎች ማኅበራችን አንድ ቀላል አሳብ አቀርባለሁ። በመሰብሰቢያው ክፍል አንዱን ሰሌዳ ለፎቶግራፍ ይስጠን። በየሳምንቱ ከማንኛውም ፋኵልቲ የመጣ አሥር ሥዕል ይሰቀል፤ ከእያንዳንዱም ሥር ባዶ ወረቀትና በገመድ የታሠረ እርሳስ ይኑር። ያየ ሰው ዓይኑ የት እንዳረፈና ምን እንደጎደለው ይጻፍ፤ ስሙንም ይፈርም፤ ሳይፈርም የሚተች ሰው ከሐሜተኛ አይሻልምና። ወጪው የአሥር ሥዕል ማሳተሚያና የአሥር እርሳስ ዋጋ ነው። «ቆንጆ ነው» ብቻ ብሎ የሚሄድ ቢገኝም የሻዩን ሕግ ለማኅበሩ በነጻ እናበረክታለን።